ተስፋና ምስጋና የሞላበት የመሪ ንግግር ለምን ጆሮ ያጣል?

ጥያቄ፦ «የ14 ሰዎች ቡድን እመራለሁ። ከወራት በፊት ሦስት ባልደረቦች ለቀው ሄዱ፤ ምትክ አልተቀጠረም፤ ሥራው ግን አልቀነሰም። መሪ ቀና አመለካከት ያለውና አመስጋኝ መሆን አለበት ስለሚባል በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ‹አይዟችሁ፣ ሁሉም መልካም ይሆናል፤ ስለ ትጋታችሁ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ› እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ፈገግ ይሉ ነበር። አሁን ስልካቸውን ነው የሚያዩት። በቀደም አንዷ ‹ምስጋናው ይቅርብንና እውነቱን ይንገሩን› አለችኝ። ቀና መሆንና ማመስገን የመሪን ንግግር ያጠናክራሉ የሚባለው እውነት ከሆነ የእኔን ለምን አዳከሙት?»

ምላሽ፦

የሰሙት እውነት ነው፤ የደረሰብዎትም እውነት ነው። እስቲ የተናገሩትን ደግመው ያንብቡት፦ «ሁሉም መልካም ይሆናል፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።» ይህን የትኛውም አለቃ፣ በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ በየትኛውም ሳምንት ሊለው ይችላል። ቡድንዎ ምን ሲሠራ እንደሰነበተ የማያውቅ እንግዳ ገብቶ ቢናገረው እንኳ የሚጎድል ቃል የለም። ሠራተኛ አለቃውን ሲያዳምጥ ከሁሉ በፊት ለማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ያለንበትን ሁኔታ ያያል ወይስ አያይም የሚለውን ነው። መልሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ካጣው ማዳመጡን ይተዋል። ስልክ ማየታቸውን እንደ ንቀት አይቁጠሩት፤ ከንግግሩ የሚያገኙት ነገር ስላለቀ ነው።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ በመሪ አንደበት ምስጋና ማስረጃ ነው፤ ተስፋ ደግሞ ከዚያ ማስረጃ የሚወጣ ድምዳሜ። «ባለፈው ወር ይህንን በዚህ መንገድ ተወጣችሁት» ያለ መሪ አስከትሎ «የሚቀጥለውንም እንወጣዋለን» ቢል ይታመናል፤ መነሻውን ሰምተዋላ። መነሻውን ዘሎ ድምዳሜውን ብቻ የሚናገር ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይተረትበታል። ስለ ቀና አመለካከትና ስለ ምስጋና የሚሰጡ ሥልጠናዎች ሁለቱን ለየብቻ ማስተማራቸው ለእኔ ትልቁ ጉድለታቸው ነው።

ቶሎ የሚስተካከለው ምስጋናው ስለሆነ ከሱ እንጀምር። ሳራ አልጎ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመችው ጥናት ጥንዶች እርስ በርስ ሲመሰጋገኑ የሚናገሩትን በሁለት ለይታ መርምራለች። አንዳንዱ ምስጋና የሚያወራው አመስጋኙ ስላገኘው ጥቅም ነው፦ «በጣም ጠቀመኝ፣ ሸክሜ ቀለለልኝ።» ሌላው የሚያወራው ተመስጋኙ ስላደረገው ነገር ነው፦ «ሳትጠየቅ አስበህ፣ ከጊዜህ ቀንሰህ አደረግኸው።» የተቀባዩን ልብ የነካውና «ይህ ሰው ይረዳኛል» ያሰኘው ሁለተኛው ነበር። ጥንዶችና የሥራ ቡድን አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ ግን በስብሰባ አዳራሽም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አለቆች ሳያስቡት የሚቀናቸው የመጀመሪያው ነው። «ሪፖርቱን በጊዜ ስላደረሳችሁልኝ አመሰግናለሁ፣ የበላይ ኃላፊዎች ፊት አላሳፈራችሁኝም» ይላሉ። ሰሚው ታዲያ የእኔ ድካም የእሱ ስም ማስጠበቂያ ነው ለካ ብሎ ይወጣል።

«ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» የምትለዋን በምን እንተካት? ማን ምን እንዳደረገና በዚያ ምክንያት ምን እንደተለወጠ በመናገር። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ ሲስተሙ ሲቋረጥ እገሊት ተራ የሚጠብቁትን ደንበኞች በወረቀት መዝግባ ስለያዘች፣ ሲስተሙ ሲመለስ አንድም ጥያቄ አልጠፋብንም።» እዚህ ውስጥ «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል የለም፤ ምስጋናው ግን ደርሷል። ከዚያም አልፎ ሌሎቹ ሲስተም ሲቋረጥ ምን ማድረግ እንደሚበጅ ሰምተዋል። ምስጋና የመሪን ንግግር ያጠናክራል የሚባለውን እኔ የምረዳው በዚህ በኩል ነው፤ ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ያለ መመሪያና ያለ ቁጣ ያስተምራል።

አንድ የማልወደው ልማድ አለ። ብዙ መሪዎች የሚያመሰግኑት እሳት ያጠፋውን ሰው ነው፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረውን፣ ቅዳሜና እሑድ የመጣውን። እሳቱ እንዳይነሳ ያደረገው ሰው፣ ስህተቱን ገና በረቂቅ ላይ አይቶ ያረመው፣ ለአዲስ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ያሳየው፣ ምንም ስላልተፈጠረ ስሙ አይነሳም። ይህ በማንኛውም ቡድን ውስጥ አድልዎ ነው፤ ሦስት ሰው በጎደለበት ቡድን ውስጥ ደግሞ አደጋም ነው። የሚያስመሰግነው አለማረፍ መሆኑን ሠራተኛው ይማራል፤ ከዚያ አራተኛው ሰው ይለቃል።

«ሰውን ለብቻው ጠርቶ ማመስገን ያሳፍራል፣ ሽንገላ ይመስላል» የሚሉኝ መሪዎች ጥቂት አይደሉም። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ለእነዚህ ጥሩ መልስ አለው። ተሳታፊዎች ውለታ ለዋለላቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ ጽፈው ተቀባዩ ምን እንደሚሰማው አስቀድመው ገመቱ። ተቀባዮቹ ሲጠየቁ ከተገመተው በላይ ተገርመዋል፣ ከተገመተው በላይ ተደስተዋል፤ ያፈሩት ግን ከተገመተው በታች ነው። ጸሐፊዎቹን ያስጨነቃቸው ቃላቱን አሳምሬ ልጽፍ እችላለሁ ወይ የሚለው ሲሆን ተቀባዮቹ የተመለከቱት ቅንነቱን ነበር። ስለዚህ በንግግር ጎበዝ ባይሆኑም ግድ የለም። ሁለት መስመር መልእክት ይበቃል፣ ዝርዝሩ ትክክል እስከሆነ ድረስ። አንዳንድ ሰው በሕዝብ ፊት መመስገን እንደሚከብደው ግን ያስታውሱ፤ የትኛው እንደሚመቸው ካላወቁ ለብቻው ይበሉት።

ምስጋናን የጥያቄ መንደርደሪያ ማድረግንም ይተዉ። «በጣም ነው የማመሰግናችሁ… እንግዲህ ቅዳሜም ብትመጡልኝ» ያለ አለቃ በሚቀጥለው ጊዜ «አመሰግናለሁ» ሲል ሰዎቹ ምን ሊጭንብን ነው ብለው ይሸማቀቃሉ። ደግሞም ምስጋና የምትክ ሠራተኛ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ማካካሻ አይሆንም። ሊከፈል የሚገባውን በቃል ሊከፍል የሚሞክር መሪ ባይናገር ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ከየት ይመጣል? ከማስታወሻ ደብተር። በሳምንቱ መጨረሻ አሥር ደቂቃ ወስደው ማን ምን እንዳደረገ ይጻፉ፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ያልተነሳ ሰው ካለ ችላ ያሉት የትኛውን ሥራ እንደሆነ ይገባዎታል። ልማዱ ለእርስዎም የሚያደርገው ነገር አለ። ሮበርት ኤመንስና ማይክል መኩላክ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች የጻፉ ተሳታፊዎች ያስመረሯቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ መጪውንም ሳምንት በተሻለ ተስፋ ይጠብቁ ነበር። ጥናቱ ስለ መሪዎች አልነበረም፤ ሆኖም ምስጋና ለተስፋ መነሻ ይሆናል የምለው ለሰሚው ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ተናጋሪውም የሚቆምበት ያገኛል።

ወደ ተስፋው ልለፍ። እዚህ ላይ ነገሩ ይረቅቃል፤ ተስፋ የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናልና። ጋብሪኤሌ ኧቲንገንና ቶማስ ዋደን እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጥናት ክብደት ለመቀነስ ሕክምና የጀመሩ ሴቶችን የተከታተለ ነበር። «ይሳካልኛል» ብለው የጠበቁት ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ ቀንሰዋል። ራሳቸውን ቀጥነው፣ አምረው፣ ፈተናውን ያለ ምንም ትግል አልፈው በምናባቸው ያዩት ግን የቀነሱት ያነሰ ነው። ኧቲንገን ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደጋግማ ያሳየችውም ይህንኑ ነው፦ መልካሙን መድረሻ ብቻ ማለም ሰውን ያዝናናዋል፣ የደረሰ ያህል ይሰማውና ጉልበቱ ይላላል፤ መድረሻውንና መንገድ ላይ የተጋረጠውን እንቅፋት አንድ ላይ ያሰበ ሰው ግን፣ መድረሻው የሚቻል እስከሆነ ድረስ፣ ይበልጥ ይነሳሳል። «ሁሉም መልካም ይሆናል» የምናብ ተስፋ ነው። እንቅፋት የለበትም፣ ማን ምን እንደሚያደርግም አይናገርም።

ጄምስ ስቶክዴል ስለሚባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የሚነገረው በሥልጠና አዳራሾች ከመደጋገሙ ብዛት ወዙ አልቋል፤ ቢሆንም አንድ ነጥቡ ለእርስዎ ጉዳይ ስለሚጠቅም ላንሳው። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 በቬትናም የጦር እስረኛ የነበረው ይህ ሰው በኋላ እንደተናገረው፣ ከእስር ቤቱ ያልወጡት «እስከ ገና እንፈታለን» የሚሉት ነበሩ። ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ሌላ ገና መጣ፤ ልባቸው ተሰበረ። እሱ ራሱ በመጨረሻ እንደሚወጣ ተጠራጥሮ አያውቅም፤ ቀን ግን አልቆረጠም።

ከዚህ ጋር የፍራንክ ዋይልድን ነገር ያስተያዩ። በአንታርክቲክ በረዶ መርከባቸው ከተሰበረች በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1916 አለቃቸው ኧርነስት ሻክልተን ከአምስት ሰዎች ጋር በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሲሄድ፣ ዋይልድ 21 ሰዎች ይዞ ኤሌፋንት በምትባል ባዶ ደሴት ቀረ። ከአራት ወር በላይ ቆዩ። ዋይልድ ጠዋት ጠዋት ሰዎቹ የመኝታ ከረጢታቸውን ጠቅልለው ዕቃቸውን እንዲያዘጋጁ ያዝዝ ነበር፤ አለቃችን ዛሬ ሊመጣ ይችላል እያለ። «ይመጣል» ሳይሆን «ሊመጣ ይችላል»፤ ያም ቢሆን እጅ የሚያስፈታ ሳይሆን ሥራ የሚሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1916 ሻክልተን የእርዳታ መርከብ ይዞ ሲደርስ ሁሉም በሕይወት ነበሩ። ያዳናቸው የዋይልድ ንግግር ነው እያልኩ አይደለም፤ ያዳናቸው የሻክልተን ጀልባ ነው። ተስፋን ቀን ሳይቆርጡለት እንዴት በየቀኑ መናገር እንደሚቻል ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

እርስዎም በእጅዎ ባልሆነ ነገር ላይ ቀን አይቁረጡ። የምትክ ቅጥር መቼ እንደሚፈቀድ አይወስኑም፤ ለቡድንዎ መቼ ወሬ እንደሚነግሩ ግን ይወስናሉ። ቃል የሚገቡት በሁለተኛው ላይ ነው።

ችግርን የሚያብራሩበት መንገድም ተስፋ ነው፣ ብዙ ሰው ባያስተውለውም። ማርቲን ሴሊግማን ሰዎች ውድቀታቸውን የሚያብራሩበትን መንገድ ሲያጠና ከለያቸው ነገሮች ሁለቱ ለመሪ እጅግ ይጠቅማሉ፦ ችግሩ ዘላቂ ነው ወይስ ጊዜያዊ፣ ሁሉን ያዳርሳል ወይስ አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ ነው። «እኛ ሁሌም መዘግየት ነው» ያለ መሪ በአራት ቃል ተስፋ ዘግቷል። «በዚህ ሳምንት የዘገየው የክፍያ ጥያቄው ነው፤ ምክንያቱም የሚፈርመው ሰው አልነበረም» ያለው ስለ መልካም ነገር ምንም አልተናገረም፤ ግን የሚነካ፣ የሚስተካከል ነገር አስቀምጧል። ሴሊግማን ሦስተኛም አለው፣ ጥፋቱን ወደ ራስ ወይስ ወደ ውጭ የሚለው፤ ይህን ግን ለመሪ እንደ ዘዴ አልመክረውም። ጥፋትን ወደ ውጭ የሚገፋ አለቃ ቀና ሳይሆን ሸሺ ነው የሚመስለው።

ስሜትዎ ራሱ ወደ ቡድኑ እንደሚተላለፍ ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፤ የተነገረው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ቶማስ ሳይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሙከራ የቡድን መሪዎች በቪዲዮ አማካይነት ስሜታቸው እንዲፈካ ወይም እንዲጨልም ከተደረገ በኋላ፣ ዓይናቸው የተሸፈነ የቡድን አባላት ድንኳን ሲተክሉ እንዲመሩ ተደረገ። ፈካ ያለ መሪ የነበራቸው ቡድኖች ተቀናጅተው ሠሩ፤ ብዙ የለፉት ግን መሪያቸው የከፋው ነበሩ። ስለዚህ ሁልጊዜ ፈገግ ይበሉ የሚለው ምክር ጎዶሎ ነው። መቀናጀት ሲያስፈልግ የተረጋጋና የፈካ ፊት ይጠቅማል፤ ነገሩ አሳሳቢ ሲሆን አሳሳቢ መሆኑ ፊትዎ ላይ ቢታይ ቡድኑ መትጋት እንዳለበት ይረዳል። በመከራ ጊዜ የሚፍለቀለቅ አለቃ የሚያስተላልፈው ስሜት ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው።

አሁን ወደዚያች «እውነቱን ይንገሩን» ወዳለችዎት ሠራተኛ። ከሁሉ በፊት ሊመሰገን የሚገባው ሰው እሷ ናት፣ ቀልዴን አይደለም። ሰው ክፉ ወሬ ለሚመለከተው ሰው ማድረስ እንደሚሸሽ ሲድኒ ሮዘንና ኤብራሃም ቴሰር እ.ኤ.አ. በ1970 በሙከራ አሳይተዋል፤ ወሬው ወደ አለቃ የሚሄድ ሲሆን ደግሞ ሽሽቱ እንደሚብስ ማናችንም ከሥራ ቦታችን እናውቀዋለን። ያለ ልክ ቀና የሆነ መሪ ይህንን ያባብሳል፣ «ስሜቱን አላበላሽ» ይባላልና። ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታሎች ያገኘችው ነገር እዚህ ላይ ይታወሰኛል፤ የተሻለ ይመሩ የነበሩት የነርሶች ቡድኖች የመዝገባቸው የመድኃኒት ስህተት ቁጥር ከፍ ያለ ነበር። ማብራሪያዋ ይበልጥ ይሳሳታሉ የሚል ሳይሆን ስህተታቸውን ለመናገር አይፈሩም የሚል ነው። ወደ እርስዎ ክፉ ወሬ የማይመጣ ከሆነ የሚናገሩት ተስፋ በምን ላይ እንደቆመ ራስዎም አያውቁትም። ስለዚህ ሠራተኛዋን ለብቻዋ አግኝተው «ያልሽው ልክ ነበር፤ ከሁሉ በላይ እንዲነገርሽ የምትፈልጊው የትኛው ነው?» ይበሏት፤ መልሷን ይጻፉ። «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» ብለው አይጀምሩ፤ ምርመራ ይመስላል።

የሚቀጥለው ስብሰባ ንግግርዎ ምን ሊመስል ይችላል? ዝርዝሩን ስለማላውቅ ፈጥሬ ልጻፍ፣ እርስዎ በራስዎ እውነት ይተኩት፦

«ሦስት ሰው ጎድሎን ሥራው አልቆመም። ያልቆመው ቀላል ጥያቄዎችን ለይታችሁ ጠዋት ስለምትጨርሷቸው ነው፤ ሐሳቡን ያመጣችው እገሊት ናት። የምትክ ቅጥሩ እስካሁን አልተፈቀደም፤ በዚህ ወር ይፈቀዳል ብዬም ቃል መግባት አልችልም። ጥያቄው በበላይ ኃላፊዎች እጅ ነው፤ ሐሙስ ሄጄ መልስ እጠይቃለሁ፤ መልስ ባገኝም ባላገኝም ዓርብ ጠዋት እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ረጅሙን ወርኃዊ ሪፖርት አቁመናል፤ አጭሩ ይበቃል። በዚህ አካሄድ ወረፋው ከዚህ በላይ እንዳይረዝም ማድረግ እንደምንችል ያለፉት ሳምንታት አሳይተውኛል። አይሆንም የምትሉት ነገር ካለ አሁን ልስማው።»

ይህ ከቀድሞው ንግግርዎ ብዙም አይረዝምም። ምስጋና አለበት፣ ተስፋም አለበት፤ ሁለቱም ግን ሊረጋገጡ የሚችሉ ናቸው። «እንችላለን» የሚለው የተሰፋው ባለፉት ሳምንታት ላይ ነው። ሪፖርቱን ማቆም ደግሞ ከማንኛውም የማበረታቻ ቃል በላይ ይናገራል፤ አለቃው ሸክሙን አይቶ የሆነ ነገር አውርዷል። ምንም ማውረድ ካልቻሉ «ምንም ማውረድ አልቻልኩም» ይበሉ እንጂ አይዟችሁ አይበሉ።

ተናግረው ሲጨርሱ ዝም ይበሉ። ቅሬታ ሲመጣ በብሩህ ጎን ለመመለስ አይቸኩሉ፤ «እኛ እኮ ከሌሎቹ ክፍሎች እንሻላለን» የምትል ምላሽ የሰውየውን አፍ ከመዝጋት ሌላ ጥቅም የላትም። የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሰው ይናገሩ፤ የሚችሉትን ለይተው «ይህን አደርጋለሁ» ይበሉ፤ የማይችሉትንም ይበሉ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ የግድ ይገኙ። አንዴ ከቀሩ ከዚህ በላይ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ለውጡም በአንድ ስብሰባ አይመጣም፤ መጀመሪያ «ምን ነካቸው?» ይባባላሉ፣ ቀስ በቀስ ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራሉ። ጥያቄ ሲበዛ አይደንግጡ፤ እየተሰሙ ነው።

በመጨረሻ፣ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ይኸው አነጋገር ወደ ላይም ይሠራል፣ አብዛኛው የቡድን መሪ ግን የበላዮቹ ፊት ሲቀርብ ወይ ያማርራል ወይ «ሁሉ ደህና ነው» ይላል። ሁለቱም ቅጥር አያመጡም። ስለ ምትክ ሠራተኛ ሲጽፉ ቀድሞ የተደረገልዎ ነገር ካለ በስሙ ይጥቀሱ፤ ቀጥሎ ቡድንዎ ሰው ጎድሎበትም የትኛውን ሥራ ሳያቋርጥ እንደቀጠለና የትኛው ሥራ መሸርሸር እንደጀመረ በቁጥር ያስቀምጡ፤ ከዚያ አንድ ሰው ቢጨመር የትኛው እንደሚስተካከል ይግለጹ። በቃል ከመናገር በጽሑፍ ያድርጉት፤ ሐሙስ መልስ ሊጠይቁ ሲሄዱ በእጅዎ የሚይዙት ነገር ይኖርዎታል።